በጸሎት የተነቀለ አጥር

ስልኬ ሲጮህ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። አሸንዳው ቅጠል ይዞ ውሃ አላሳልፍ ስላለ እየጠረግኩት ነበር። በኔ ዕድሜ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው በሰፈራችን የለም፤ ቢወጣም በራሱ እግር አይወርድም። የደወለችው ሊዲያ ነበረች፣ ከሐዋሳ።

“ጋሼ፣ ቆመው ነው ወይስ ተቀምጠው?” አለችኝ።

ጣሪያ ላይ መሆኔን ነገርኳት። “እንግዲያው መጀመሪያ ይውረዱ” አለች። እንዲህ ከተባለ ወዲያ ነገሩን ለማወቅ መውረድ አያስፈልግም። ቢሆንም ወረድኩ። መሰላሉ ሥር ቁጭ ብዬ፣ እሷ ዘንድ ሄዳ የኖረችው እናቷ፣ የድሮ ጎረቤቴ ወይዘሮ አመለወርቅ፣ ሌሊቱን ተኝታ ሳለ ማረፏን፣ ቀብሩም እዚያው በማግስቱ ጠዋት መሆኑን ሰማሁ። ሊዲያ ስታለቅስ ቆየችና በለቅሶው መሃል ሳቀች። እናቷ በዚያው ሰሞን ስትጸልይ ስሜን አንስታ ነበር አሉ። “ጌታ ሆይ፣ ጋሽ ተሰማን ከጣሪያ አውርዳቸው፤ ቀስ አድርገህ ግን።”

ለቀብሩ አልደረስኩም። ባለቤቴ አስካለ ጉልበቷን ታማለች፣ እሷን ጥዬ የትም አልሄድም። ስለዚህ ለቅሶውን በጽሑፍ እደርሳለሁ። መጻፍ አያቅተኝም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረግጥም፣ የእህል መጋዘን ስጠብቅ በጆንያው ላይ ካለው ጽሑፍና ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ፊደል ለይቻለሁ። ዛሬ የዕድራችንን ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ ነኝ። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ አንብበው አንድ ስህተት አላወጡበትም።

የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ስለ ሃይማኖቷ ይናገሩላታል። እኔ የምናገረው ስለ አጥሩ ነው።

ሰፈራችን ዓለም ባንክ ገና ሜዳ በነበረበት ጊዜ ነው የገባሁት። ቤቴን ራሴ ሠራሁ። ሌላው ሰው ግንበኛ ሲቀጥር፣ እኔ የተቀጠረው ግንበኛ አጠገብ ቆሜ አይቼ ስመለስ በራሴ ግድግዳ ላይ እሞክረው ነበር። የመብራቱን መስመር እኔ ዘረጋሁ፣ የውሃውን ቧንቧ እኔ ቀጠልኩ፣ በሩንና መስኮቱን እኔ ገጠምኩ። እስካሁን የወደቀ ነገር የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ማንም መጥቶ ሊያየው ይችላል።

የወይዘሮ አመለወርቅ ቤት ከቤቴ ጀርባ ነበር። ግቢዎቻችን የሚገናኙት በጓሮ ነው። አጭርና ሰፊ ሴት ነበረች። ክረምት ከበጋ የሟች ባሏን ቡናማ ኮት ትደርባለች፤ እጅጌው ረጅም ስለሆነባት ስትናገር ጣቶቿ አይታዩም፣ የሚወዛወዘው እጅጌው ብቻ ነው። ስትስቅ ደግሞ ጎኗን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ የሆነ ነገር እንዳይወድቅባት እንደሚጠነቀቅ ሰው። ድምጿ ግን ከሁሉም ይልቃል። ልጇን ለምሳ ስትጠራ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እጁን ሊታጠብ ይሮጥ ነበር።

የማልረሳት ግን በድምጿ ብቻ አይደለም። ይህች ሴት በሕይወቷ አንድም ሰው ላይ ቅሬታ አቅርባ አታውቅም። ቅሬታዋን የምታቀርበው ለፈጣሪዋ ነበር፤ ሰውየው በደንብ እንዲሰማ አድርጋ። አንድ ቀን ወደ ዘነበወርቅ አብረን ስንሄድ የሚኒባሱ ረዳት በሞላ መኪና ላይ ሰው ይጨምራል፣ አሁንም ይጨምራል። ሁላችንም አጉረመረምን፤ ልጁ አልሰማንም። እሷ ዓይኗን ጨፈነችና “አባት ሆይ፣ ይህን ልጅ ባርከው፤ በረከቱንም አብዛለት። እግረ መንገድህን ቁጥር አስተምረው” አለች። መኪናው በሳቅ ሞላ። ረዳቱ ራሱ እየሳቀ የመጨረሻውን ተሳፋሪ አወረደው።

እኔም አልቀረልኝም። መስመር ለመቀጠል ምሰሶ አጠገብ ስቆም ከጓሮ በኩል “ጌታ ሆይ፣ ጋሽ ተሰማ ገመድ ይዘዋል፤ ሰፈሩን አደራ” ሲባል እሰማለሁ። በጸሎትም ቢሆን አንቱታዋን አትተውም ነበር። እኔ የማርያም ማኅበርተኛ ነኝ። ስሜ በሌላ እምነት ጸሎት ሲነሳ መጀመሪያ ላይ ቅር ይለኝ ነበር። ለአስካለ ይህንኑ ብነግራት “ይጸለይልህ፤ አንተ እንደሆን ለራስህም አትጸልይ” አለችኝ።

በመሃላችን የነበረው አጥር ቅትቅታና ጽድ የተቀላቀለበት ነበር። ጽዱ እየደረቀ፣ ቅትቅታው እየሳሳ ሄዶ መጨረሻ ላይ አጥር መሆኑን የምናውቀው እኛ ብቻ ሆንን። ዶሮዎቿ የአስካለን ጎመን ይለቅማሉ፤ የኛ ውሻ ደግሞ ሄዶ እንቁላላቸውን ይበላል። ማን ማንን እንደበደለ ሽማግሌ ቢቀመጥም አይፈታውም ነበር። በመጨረሻ የቆርቆሮ አጥር እንደምሠራ ነገርኳት። “እሰይ፣ ተባረኩ” አለች።

ሜትር የያዘ አንድ ወጣት ግንበኛ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ግቢውን ለካ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ያለ ባለሙያ የሚሠራ እንዳልሆነ አስረዳኝ። ውሃ አጠጥቼ ሸኘሁት።

ቋሚዎቹን ከእንጨት ተራ የመረጥኩት አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያየሁ ነው። ሻጩ መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ኋላ ሌሎቹን ገዢዎች እኔ ዘንድ ይልካቸው ጀመር። ልጣጩን ላጥኩ፣ ከአፈር የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለበለብኩ፣ ምስጥ እንዳይደፍረው የተቃጠለ ዘይት ቀባሁት። የሰፈራችን ሰው ቋሚ ሲተክል አፈርና ድንጋይ ጠቅጥቆ ይተወዋል። ለዚህ ነው ክረምት በመጣ ቁጥር የሰፈሩ አጥር ሁሉ እንደ ሰካራም የሚያዘነብለው። እኔ ግን እያንዳንዱን ጉድጓድ በሲሚንቶ ሞላሁ። ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጠርኩ፣ በቱንቢ አቆምኩ፣ የጫፉን ከፍታ ውሃ በሞላ ላስቲክ ቱቦ አስተካከልኩ። ማገሩን በብሎን አሰርኩ። ሰዎች ከታች ፌርማታ ድረስ እየመጡ ያዩት ነበር። አንዱ ሽማግሌ በትከሻው ገፍቶት “ይሄስ ከኛ በኋላም ይኖራል” ብሎኝ ሄደ።

በሰፈራችን ደንብ የቆርቆሮው ፊት ወደ ውጭ ይሆናል፣ ማገሩ በባለቤቱ በኩል ይቀራል። ሌባ ማገሩን መሰላል እንዳያደርገው ነው። እኔም በደንቡ መሠረት ፊቱን ወደ እሷ ግቢ አድርጌ ስመታ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ ከወዲያ ቆማ ታየኛለች።

“ጋሼ፣ ሌባዋ እኔ ነኝ ማለት ነው?”

“ያማረውን ፊት የሰጠሁዎት ላከብርዎት ብዬ ነው” አልኳት።

“እንግዲያው ከከበርኩ አይቀር ቀለም ይቀቡልኝ” አለችና ጎኗን ይዛ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ አጥሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። የመጨረሻዎቹ ቋሚዎች ሲሚንቶ ገና እርጥብ ነበር። “ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይነቀላል?” አለችኝ።

ጥያቄው አናደደኝ። “የወተት ጥርስ መሰለዎት እንዴ? ይህን አጥር የሚነቅል በሬ ገና አልተወለደም” አልኳት።

እሷ እጆቿን ኮቷ ኪስ ከታ ትንሽ ቆመችና ገባች። ለእኔ መልስ ሳትሰጥ መሄዷ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ነገር ግን መዶሻ ይዤ ስለነበር ልብ አላልኩትም። በዚያች ሰዓት አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ ቋሚዎቹን በእጄ እየሳብኩ አወጣቸው ነበር። መናገር ግን አትችልም። ሊዲያን የሚፈልግ ልጅ እንዳለ፣ ሽማግሌ ሊልክ ቀን እንደሚጠብቅ ታውቃለች። ያልተጠየቀች ልጅ ሰርግ አይወራም። እናት አፏን ከከፈተችና ሽማግሌዎቹ ከቀሩ፣ ልጅቷ የሰፈር መሳቂያ ትሆናለች። ስለዚህ እሷ አፏን ዘጋች፣ ሲሚንቶውም ደረቀ።

ሽማግሌዎቹ ጊዜ ወስደው መጡ። ባሏ መምህር ጴጥሮስ ካረፈ ቆይቷልና በአባት ቦታ እንድቀመጥ የጠየቀችው እኔን ነበር። የራሷ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች እያሉ እኔን መረጠች፤ ለምን እንደመረጠችኝ የሚያውቀኝ ሰው አይጠይቅም። ሽማግሌዎቹን እንደ ወጉ አንዴ መልሼ፣ ቆይቼ ተቀበልኳቸው። ሙሽራው ልጅ ናትናኤል ጨዋ ነው፣ ቀኑ ተቆረጠ፣ ሁሉም ተመራርቆ ተለያየ።

ከዚያ የድንኳን አከራዩ መጣ። የወይዘሮ አመለወርቅ ግቢ በአንድ በኩል ወደ ወንዙ የሚወርድ ገደል ነው፣ በሌላው በኩል የጎረቤት ፎቅ ግድግዳ። የፊት ለፊቱ መንገድ ለፍሳሽ መስመር ተቆፍሮ ሰው በሳንቃ ላይ ነበር የሚያልፈው። ሰውየው ወዲያ ወዲህ ብሎ መጥቶ አጥሬን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና “እናት፣ ይሄ ካልተነሳ ድንኳኑ ተጣጥፎ ነው የሚገባው” አላት። በሰፈሩ ሰርግም ለቅሶም ሲሆን ድንኳን በሁለት ግቢ ላይ መዘርጋት ያለ ነው። የሌሎቹን አጥር አራት ጎረምሳ በማለዳ ይነቅለዋል፣ ማታ ይመልሰዋል። የኔ ግን የሚነቀል አጥር አልነበረም።

ሙሽሮቹ አዳራሽ እንከራይ አሉ። የቤተ ክርስቲያኑም አዳራሽ ነበረ። እሷ አሻፈረኝ አለች፤ ለምን እንደሆነም ለማንም አልተናገረችም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በፊት ለፊቱ በር መጣች። ሁልጊዜ በጓሮ የምትጮህ ሴት፣ ያን ዕለት ኮቷ ላይ ነጠላ ደርባ በሩን አንኳኳች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልጸለየችም። ነገሩ የምር መሆኑን ያወቅኩት በዚህ ነው።

“ጋሼ፣ እኔና ጴጥሮስ የተጋባን ጊዜ መዝሙር ከቤት ከተሰማ ሰው ይታሰር ነበር” አለች። “መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንን። ዘመዶቼ ሃይማኖቷን ለወጠች ብለው አልመጡም። የመጡትም ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ነው የገቡት፣ ኮቴ እንዳይሰማ። መዝሙሩን በሹክሹክታ ዘመርን። ጭብጨባው እንዲህ ነበር።” ከረጅሙ እጅጌ ውስጥ ሁለት ጣቷን አውጥታ የሌላኛውን እጇን መዳፍ መታ መታ አደረገች። ድምፅ አልነበረውም። “ጴጥሮስ ምን አለኝ መሰለዎት? ልጅ ከሰጠን ሰርጓን ከደጃችን እስከ አስፋልቱ እናሰማዋለን አለኝ። አዳራሽ ውስጥ ቢዘመር የሚሰማው ግድግዳው ነው። እኔ ይህ ሰፈር እንዲሰማ ነው የምፈልገው። እዚሁ ግቢዬ ውስጥ።”

አስካለ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ቢሆንም እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ቋሚዎቹ በሲሚንቶ ተይዘዋል፣ ከተነቀሉ ይሰበራሉ። ሌላ ዘዴ አመጣሁላት። እሷ ግቢ መዘምራኑና ሙሽሮቹ፣ እኔ ግቢ ተጋባዡ ይሁን፤ በአጥሩ ላይ መወጣጫ ሠርቼ አገናኛቸዋለሁ አልኳት።

“ሙሽራዋን በቬሎ አጥር ላስዘልላት?” አለች። ከዚያም ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። “እግዜር ያሳይዎት” ብላ ሄደች። እምቢ አላልኳትም። አይቻልም ነው ያልኳት። ሁለቱ ይለያያሉ።

አስካለ ሳህን እያነሳች “አጥሩን የሠራኸው አንተ ነበርክ፤ አሁን ግን እሱ ነው የሚያዝህ” አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጸሎቱ ተጀመረ። እኔ ጓሮ ቋሚው ላይ መስተዋት ሰቅዬ ጺሜን እላጫለሁ። እሷ ከቆርቆሮው ወዲያ ሆና፣ ሰማይ የሚደርሰውን ያህል ጮክ ብላ፣ ይህን አጥር የሠሩትን እጆች ባረከች። እድሜና ጤና ለመነችልኝ። ደስ አለኝ። በቀጣዩ ቀን እጆቼን ትታ ወደ ልቤ ዞረች፤ የፈርዖንን ልብ ጠቅሳ የኔንም እንዲያለዝበው ለመነች። ይህን እንኳ ታገሥኩት። ፈርዖንም ቢሆን ያሠራው ሕንፃ እስካሁን ቆሟል። ከዚያ በኋላ ባለው ጠዋት ግን ድምጿን ለስለስ አደረገች።

“ጌታ ሆይ፣ ጋሽ ተሰማን ይቅር በላቸው። መትከል በራሳቸው ተምረዋል፤ መንቀል ግን አስተማሪ ያስፈልጋቸዋል። አስተማሪ ላክላቸው። ያ ሜትር ይዞ መጥቶ የነበረው ልጅ ቢሆንም ግድ የለም።”

ምላጩ ጉንጬን ቆረጠኝ። በዚህ ዕድሜዬ ለእኔ አስተማሪ ይለመንልኝ? ያውም ያ ልጅ። ደሜን በጨው ውሃ አጥቤ፣ ቁርስ ሳልበላ፣ መጋዝና መሮ ይዤ ወጣሁ።

አሁን የምናገረውን ዘዴ በሰፈራችን ከእኔ በፊት የሠራው የለም። ብሎኖቹን ፈትቼ ማገሩን ከነቆርቆሮው በየክፍሉ ለያየሁት። ቋሚዎቹን ከሲሚንቶው አፋፍ ላይ ቆረጥኳቸው። በሲሚንቶው ውስጥ የቀረውን ጉቶ በጋለ ብረት እየበሳሁ፣ በመሮ እየፈለቀቅኩ አወጣሁት። ጉቶው ሲወጣ የቀረው ጉድጓድ የእንጨቱን ቅርፅ ይዞ እንደ ሰገባ ቀርቷል። የቋሚውን ጫፍ ትንሽ ጠርቤ መልሼ ሳስገባው ልክክ አለ። በጎኑ ሽብልቅ መታሁበት፣ ዝንፍ አይልም። ሽብልቁን ሳወጣው አንድ ሰው ብቻውን ይመዘዋል። አጥሩ በክንድ ያህል ዝቅ ማለቱ እውነት ነው። ብርሃን እንዲገባ ነው። ዛሬ ባለ ድንኳኑ ራሱ ለደንበኞቹ “እንደ ጋሽ ተሰማ አጥር አድርጋችሁ ሥሩ” እያለ ይመክራል።

የመጀመሪያውን ቋሚ መዝዤ ሳነሳ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ በክፍተቱ በኩል ብቅ አለች። ማን እንዳሳየኝ ጠየቀችኝ።

“ማንም” አልኳት።

“እኔ እኮ ለምኜልዎት ነበር።”

“የለመኑት አስተማሪ ነበር። አልመጣም።”

ወደ ሰማይ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ጎኗን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ መጋዝ ስይዝ እንዳትጸልይ ተስማማን፤ እጄን ታዛባዋለች።

የሰርጉ ዕለት ማለዳ የቤተ ክርስቲያኗ ወጣቶችና የዕድራችን ሰዎች ተሰልፈው አጥሩን ክፍል በክፍል እያነሱ የኔ ማድ ቤት ጎን ድንጋይ ላይ ደረደሩት። ድንኳኑ ከሷ ደጃፍ እስከ ኔ ጓዳ በር ተዘረጋ። የሴቶቹ ረጅም ተረከዝ ጉድጓዶቹ ውስጥ እንዳይገባ ለእያንዳንዱ የእንጨት ክዳን ሠርቼ ነበር። ይህን ማንም አላሰበውም ነበር።

ትንሽ ችግር የመጣው በመጠጡ ነው። በሷ ቤት የሚያሰክር ነገር አይቀርብም፤ ለስላሳና ጭማቂ ብቻ ነው። አስካለ ደግሞ ለጎረቤት ልጅ ሰርግ ጠላ አለመጥመቅ ነውር ነው ብላ ጋን ሙሉ ጠምቃለች። ወይዘሮ አመለወርቅ ጋኑን አየችው። ሁላችንም ጸሎት ጠበቅን። እሷ በጫማዋ ጫፍ የጉድጓዶቹን ክዳኖች ከዳር እስከ ዳር አሳየችንና ከዚህ ወዲያ የጋሼ ግቢ ስለሆነ እንደማያገባት፣ ከዚህ ወዲህ ግን ብርጭቆ እንዳይሻገር ተናገረች። ጋኑም በኛ ወሰን ተቀመጠ። የዕድራችን ሰው ሁሉ ከክዳኑ ወዲያ፣ የሷ ሰዎች ከክዳኑ ወዲህ ሆኑ። ከቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች አንዱ ግን ቀኑን ሙሉ በኛ በኩል ተቀምጠው ዋሉ። ሲጠየቁ እዚህ ነፋሱ ይሻላል አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን መጡ። መዘምራኑ ማይክ ይዘው ቆመዋል፣ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ተደርድረዋል። ሊዲያ በሳንቃው ላይ ቬሎዋን ሰብስባ ተሻግራ ልክ ድንኳኑ አፍ ስትደርስ መብራት ጠፋ።

የሰፈራችንን መብራት የሚያውቅ ሰው አይደንቀውም። የመዘምራኑ ድምፅ ከማይክ ሲለይ በዚያ ሰፊ ድንኳን ውስጥ እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጠነ። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ባለ ጄኔሬተሩን መጥራት ጀመረ። ሌላው ሰው ግን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞረ፤ ወይዘሮ አመለወርቅ እያለች ማይክ ምን ያደርጋል?

እሷ ክዳኖቹ ላይ ቆማ ነበር። ያን ቀን ኮቱን አውልቃ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ልጇን እያየች አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እጆቿን ወደ ላይ አወጣች፤ ማጨብጨብ ጀመረች። ቀረብ ብዬ ሳይ የምታጨበጭበው በሁለት ጣት ነው።

ሌላው ሰው ደስታ ይዟት ነው ብሎ ቆሞ ያያታል። ያን የብርድ ልብስ ታሪክ የሰማነው እኔና አስካለ ብቻ ነበርን። ምን እንደማደርግ አላሰብኩም፤ ማሰብ ሳያስፈልገኝ የሚመጣልኝ ነገር አለ። ዞር አልኩና ሽብልቅ የማወጣበትን ትልቁን መዶሻ አንስቼ፣ ድንጋይ ላይ በተደረደረው ቆርቆሮዬ ላይ አሳረፍኩበት። ሰፈሩ ተናወጠ። ሁለተኛውን አሳረፍኩ። አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቆርቆሮ እንደ ከበሮ መምታት ቀላል አይደለም፣ መሃሉን ከመታኸው ይንጫጫል፣ ከማገሩ ጎን ሲመታ ግን ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ይህንንም እዚያው ቆሜ ደረስኩበት።

ወይዘሮ አመለወርቅ ዞራ አየችኝ። አንድ የማርያም ማኅበርተኛ ሽማግሌ፣ ጃኖ ለብሶ፣ የገዛ አጥሩን በመዶሻ ሲደበድብ። ጎኗን ያዘች። ሳቋ መጣ። ከሳቋ ኋላ ድምፁ መጣ።

ያንን ድምፅ እንዴት ብዬ ልግለጸው? መዘምራኑ ተከተሏት፣ ድንኳኑ ተከተላት። የኛ ወገን መዝሙሩን አያውቀውም፤ እልልታ ግን ያውቃል፣ እልልታውን አቀለጠው። እኔ ምቱን ያዝኩላቸው። ሚኒባሶች ከአስፋልቱ ዳር ቆመው ረዳቶቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያጨበጭቡ እንደነበር ኋላ የነገሩኝ ብዙ ናቸው። ወደ ማታ መብራት ሲመጣ ማይኩን ያስታወሰው የለም።

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ቆርቆሮዎቹን አየኋቸው። ያን ሁሉ በቱንቢ ያቃናሁት ሥራ ጎድጉዶ፣ ተጣሞ፣ አንዳንዱ ቦታ ተበስቶ ነበር። እያንዳንዱን እየገለበጥኩ የሚቃናውን ከማይቃናው ስለይ ወይዘሮ አመለወርቅ በክዳኖቹ ላይ ተሻግራ መጣች። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። ኮቱን መልሳ ደርባዋለች። አፏን ከፍታ ልትናገር ሞከረች፣ አልወጣላትም። ቀኑን ሙሉ ጮሃ ድምጿ ጠፍቷል። እጅጌዋን ወዝወዝ አድርጋ ዝቅ እንድል ጠራችኝና ጆሮዬ ስር ተጠጋች።

“ጋሼ፣ እኔ ዛሬ ተዳርኩ” አለችኝ።

“ጮክ ይበሉ፣ አልሰማሁም” አልኳት።

ሰምቻታለሁ። ደግማ እንድትለው ፈልጌ ነው።